መልስ፦ ሕግ ሳልማር ፍርድ ቤት ለልጅ መቆም እችላለሁ?

እህቴ፣ «ሕግ አልተማርኩም፣ እንግሊዝኛዬም ዘዬ አለው፤ እዚህ አሜሪካ ካሳ (CASA) በሚባለው፣ ፍርድ ቤት ለተበደሉ ልጆች የሚቆሙ ሰዎችን በሚመድብበት ፕሮግራም በጎ ፈቃደኛ መሆን እችላለሁ?» ብለሻል። እንዴታ! ጠበቃ መሆን አይጠበቅብሽም። ነገሩን በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያትል ላይ ያስጀመረው ዳኛ ዴቪድ ሱኩፕ ራሱ የፈለገው ተራ ሰው ነው። ስለተበደሉ ልጆች ሲወስን በቂ መረጃ አጥቶ ይጨነቅ ነበር።

አብዛኛው ቦታ 21 ዓመት የሞላው ሰው ይፈልጋሉ። የኋላ ታሪክሽን ያጣራሉ፣ 30 ሰዓት ገደማ ያሠለጥኑሻል፣ ከዚያ ዳኛ ፊት ትምያለሽ። አንድ ልጅ ወይም እህትማማቾችና ወንድማማቾች ይሰጡሻል።

ዋናው ሥራ ማየትና መጻፍ ነው። ልጁን በየጊዜው ትጎበኛለሽ፤ መምህሩን፣ አሳዳጊዎቹን፣ ወላጆቹንም ታነጋግሪያለሽ። ሪፖርትሽ ላይ «ልጁ ደስተኛ አይመስልም» ብትዪ ለዳኛው ምንም አይፈይድለትም። «መነጽሩ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ሰሌዳውን ማየት ስላልቻለ ውጤቱ ወርዷል፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የያዘለት የለም» በዪ። ያኔ ዳኛው የሚያዝዘው ነገር ያገኛል። ዘዬሽን ተዪው፣ ጽሑፍሽንም የፕሮግራሙ ተቆጣጣሪሽ ታይልሻለች።

የሚከብደው ሌላ ነው። ልጁን ቤትሽ ወስደሽ ማሳደር የለም። ብዙ ጊዜ ግቡ ልጁን ወደ ወላጆቹ መመለስ ስለሆነ፣ በእናቲቱ ላይ ቂም ይዘሽ አትግቢ። ምስጢር ደግሞ ምስጢር ነው፤ ቡና ላይ ስሙን ሳትጠሪ እንኳ አታውሪ፣ የእኛ ሰው ወዲያው ይገምታል። የምታውቂው ቤተሰብ ከሆነ ቶሎ ተናግረሽ ውጪ።

ጉዳዩ እስኪዘጋ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጊዜ ካለሽ ካውንቲሽ ያለው የካሳ ቢሮ ደውዪና ቀጣዩ ሥልጠና መቼ እንደሆነ ጠይቂ።