«ክፍት መኪና» ወይስ «ባለ ታጣፊ ጣሪያ»? ደግሞስ «ኦሪጅናል ዋጋ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ድሮ የአሜሪካ መኪኖች የተጻፈ ካታሎግ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሮድስተሩንም፣ ፌቶኑንም፣ ኮንቨርተብሉንም «ክፍት መኪና» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። አዲስ ሳሉ የተሸጡበትን ዋጋ ደግሞ «ኦሪጅናል ዋጋ» አልኩት። ረቂቁን ያነበበው ወዳጄ ሁለቱንም አልወደዳቸውም። በዚያ ላይ አንዱ ገጽ ላይ ክፍቱ መኪና ከዝጉ ይረክሳል፣ ሌላው ገጽ ላይ ይወደዳል። የተሳሳተው የኔ ትርጉም ነው ወይስ ዋጋው?

መልስ፦ ዋጋው ልክ ነው። ያሳሳተዎት «ክፍት» የሚለው ቃል ነው።

«ክፍት» የሚነግረን አሁን ያለውን ሁኔታ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ሱቁ ክፍት ነው እንላለን። «ክፍት መኪና» ሲባል ብዙ አንባቢ ቶሎ የሚመጣለት ኋላው ያልተሸፈነ የጭነት መኪና ነው፤ አለዚያም ሳይቆለፍ የቀረ መኪና። ይህን እንኳ ዐውዱ ያቃናዋል እንበል። ዐውድ የማያቃናው ሌላ ነገር አለ። ኮንቨርተብል ክፍት አይደለም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍተዋል፣ ሲፈልግ ይዘጋዋል።

ለዚህ ደግሞ አማርኛ የራሱ መላ አለው። ከ«ታጠፈ» ታጣፊ፣ ከ«ተነቀለ» ተነቃይ፣ ከ«ተገጣጠመ» ተገጣጣሚ እንላለን። ታጣፊ አልጋ ተዘርግቶ ቢተኛበትም ታጣፊ ነው። ታጣፊ ክላሽም እንደዚያው። ቃሉ የሚነግረን መታጠፍ መቻሉን ነው። ስለዚህ ኮንቨርተብልን «ባለ ታጣፊ ጣሪያ» ቢሉት ማንም አይደናገርም። «ተከፋች» የሚሉም አሉ፤ ስህተት ነው አልልም፣ ግን በሩም ኮፈኑም ተከፋች ነው። «ተቀያሪ መኪና» የሚል ካጋጠመዎት ግን ይለፉት፤ መለዋወጫ ይመስላል።

«ክፍት» የሚለው ስም በሚገባ የሚመጥናቸው ሮድስተርና ፌቶን ናቸው። ሮድስተር አንድ መደዳ ወንበር አለው፣ ፌቶን ሁለት። ሁለቱም ሲሠሩ ጀምሮ ክፍት ናቸው። ሸራ አላቸው፤ ሸራው ግን ለክፉ ቀን ነው። የበር መስታወት የላቸውም። ዝናብና ብርድ ሲመጣ በሩ ላይ መጋረጃ ይሰካል። መስታወቱ ከበሩ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ መኪናው ሮድስተር መሆኑ ቀርቶ ካብሪዮሌ ወይም ኮንቨርተብል ይባላል። እንግዲህ ፎቶ አይተው መለየት ሲፈልጉ ጣሪያውን ትተው በሩን ይመልከቱ። (ሻጮች ይህን ደንብ ሁልጊዜ አያከብሩም፤ ሮድስተር የሚለው ስም ስለሚያምር ብቻ የሚለጥፉት ሞልተዋል።)

የ1953 ሞዴሉን ሸቭሮሌ ኮርቬት ይውሰዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።) በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። በሩ ላይ ከውጭ እጀታ የለም። ለመግባት እጅን ወደ ውስጥ ሰድዶ መክፈት ግድ ነው። መስታወትም የለውም፤ በምትኩ የሚሰካ የጎን መጋረጃ አለው። ዋጋው 3,498 ዶላር ነበር። ይህ እውነተኛ ሮድስተር ነው። በ1956 ሞዴሉ ላይ ወጪ ገቢ መስታወት ሲገባለት ከሮድስተርነት ወጣ። ሁለቱንም «ክፍት መኪና» ካልናቸው በመካከላቸው ምን እንደተለወጠ አንባቢው አያውቅም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ፎርድ «ሞዴል ኤ» የተባለውን መኪና በታኅሣሥ 1927 ለገበያ ሲያቀርብ ሮድስተሩ 385 ዶላር፣ ፌቶኑ 395፣ ባለ ሁለት በሩ ዝግ መኪና ደግሞ 495 ነበር። ክፍቱ የድሃ ነበር ማለት ነው! ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣሪያ፣ ምሰሶና መስታወት ሁሉ ተጨማሪ ዕቃና ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃሉ። ሙቀት የሚፈልግ መቶ ዶላር ይጨምራል። በሚያዝያ 1964 የፎርድ ሙስታንግ ሲወጣ ነገሩ ተገልብጧል። ባለ ብረት ጣሪያው 2,368፣ ባለ ታጣፊው 2,614 ዶላር። በዚያን ጊዜ ዝጉ መኪና በገፍ የሚመረት ተራ መኪና ሆኗል። ታጣፊው ግን ጣሪያው ሲነሳ አካሉ እንዳይላላ ከሥር ተጨማሪ ብረት ይፈልጋል፤ ሸራውና ማጠፊያውም አሉ፤ የሚመረተውም ጥቂት ነው። በ1927 የረከሰው ክፍቱ ነው፣ በ1964 የተወደደው ታጣፊው ነው። በሁለት ቃል ቢለዩዋቸው ኖሮ ገጾቹ የሚጣሉ አይመስሉም ነበር።

«ሃርድቶፕ» የሚል ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። በሙስታንጉ ላይ ጨርሶ የማይነቀል የብረት ጣሪያ ነው፤ በጎን መስታወቶቹ መካከል ምሰሶ ስለሌለው ብቻ ታጣፊ ይመስላል። በ1955 ሞዴሉ ፎርድ ተንደርበርድ ላይ ግን ከፋይበርግላስ የተሠራ ተነቃይ ጣሪያ ነው። ስለዚህ «ጠንካራ ጣሪያ» ብለው አይገላገሉም። የማይነቀል ወይም ተነቃይ መሆኑን ይጻፉ። የ1957ቱ ፎርድ ስካይላይነር ሁሉንም ያስቃል፦ የብረት ጣሪያው ራሱ ታጣፊ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ተነስቶ የኋላ ኮፈን ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሥራ ከ180 ሜትር በላይ ሽቦ ተዘርግቶለታል። 2,942 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ወንድሙ ሸራ ለባሹ ሰንላይነር 2,505። እሱን «ባለ ታጣፊ የብረት ጣሪያ» ይበሉት።

«ኦሪጅናል ዋጋ»ን በተመለከተ ወዳጅዎ እውነት አላቸው። አማርኛ ውስጥ «ኦሪጅናል» የፎርጅድ ተቃራኒ ነው። ኦሪጅናል መለዋወጫ፣ ኦሪጅናል ጫማ እንላለን። ዋጋ ግን ፎርጅድ የለውም። «የመጀመሪያ ዋጋ»ም አያዋጣም፤ ሻጭ ከድርድር በፊት የሚጠራው ነው፣ ቀጥሎም «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይመጣል። «መነሻ ዋጋ» የጨረታ ነው፤ በተለይ የድሮ መኪና በጨረታ ስለሚሸጥ ያሳስታል። እኔ «አዲስ ሳለ የነበረው ዋጋ» ወይም «ሲወጣ የነበረው ዋጋ» እላለሁ። የሙስታንጉ ዋጋ ማጓጓዣን ሳይጨምር የመኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ዲትሮይት ላይ የታሰበ ነውና «የፋብሪካ ዋጋ» ቢሉትም ይስማማል።

አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። ዱዘንበርግ ሞዴል ጄ የተባለው ቅንጡ መኪና ሲወጣ ፋብሪካው የጠራው ዋጋ 8,500 ዶላር ነበር፤ ይህ ግን የሻንሲው (ሞተሩንና ጎማውን የያዘው፣ ቦዲ ያልተጫነበት የብረት አጽም) ብቻ ነው። ቦዲውን ገዢው እንደ ካሊፎርኒያው መርፊ ባሉ ቦዲ ሠሪዎች ለብቻው ያሠራ ነበር። እዚህ ላይ «የመኪናው ዋጋ» ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል፤ «የሻንሲ ዋጋ» ይበሉ። «ቦዲ» ማለትንም አይፍሩ። ጋራዡ ሁሉ የሚለው እሱን ነው። «የአካል ዘይቤ» የሚለውን ግን ለሥነ ጽሑፍ መምህራን ይተዉላቸው፤ «የቦዲ ዓይነት» ይበቃል።

ስለ ዓመቱ የቀረኝ ይህ ነው። «1964» ብለው ባዶውን ከጻፉት አንባቢው ከአብዮቱ ሁለት ዓመት በፊት ብሎ ያስባል። ሙስታንግ የወጣው በእኛ ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ዓመት ጎን «እ.ኤ.አ.» ያስገቡ። አለዚያ ሁሉንም ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱና መግቢያው ላይ አንዴ ይናገሩ። የሞዴል ዓመትን ግን አይመልሱት። «የ1953 ሞዴል» የመኪናው ስም ነው፤ የ1945 ሞዴል ኮርቬት የሚባል መኪና የለም።