«ገብቶኛል» ስትሉ በምን አወቃችሁ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ ኖቴን አራቴ አንብቤ፣ በሃይላይተር አቅልሜ፣ ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ ነው የምገባው፣ ፈተናው ላይ ግን ብላንክ። ችግሬ ምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ ስንፍና አይደለም፣ አራቴ ያነበበ ሰው ሰነፍ አይባልም። ገጹን ዓይንህ ለመደው፣ አንተ ደሞ መልመዱ ማወቅ መሰለህ፣ በቃ። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች በ2006 (በፈረንጆቹ) ያወጡት ሙከራ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱን አጭር ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፣ ሌላውን ግን አንዴ አንብበው ከዛ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ተገለበጠ፣ 42 ለ56። የሚገርመው በሁለተኛው ሙከራቸው «አስታውሳለሁ» ብለው በጣም የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው! ስለዚህ ደብተሩን ዝጋና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ የጎደለህን ብቻ ተመልሰህ አንብብ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ምንም የማታውቅ ይመስልሃል፣ ግን ፈተና ክፍል ውስጥ ከምታውቀው ቤትህ ብታውቀው ይሻላል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ ክፍሌ ውስጥ 65 ተማሪ አለ። «ገባችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ነው፣ ቴስት ላይ ይወድቃሉ። እየዋሹኝ ነው?

መልስ፦ አብዛኞቹ አይዋሹዎትም፣ እውነት የገባቸው መስሏቸው ነው (ከኋላ ያሉት ደወል እየጠበቁ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም)። ጥያቄውን ይተዉትና አጭር ቴስት ሲሰጡ ከያንዳንዱ መልስ ጎን «እርግጠኛ ነኝ» ወይም «ገምቼ ነው» ብለው እንዲጽፉ ያድርጉ፣ 65 ወረቀት ማረም ስለሚከብድ ተለዋውጠው ይተራረሙ። እርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት «እርግጠኛ ነኝ» ብለው የተሳሳቱትን ነው፣ ገምቶ የሳተው ልጅ ቢያንስ እንደማያውቅ ያውቃል። ሜታኮግኒሽን የሚሉት ይሄው ነው፣ የራስን አስተሳሰብ ቆም ብሎ መታዘብ፤ ስሙን ያወጣለት ፍላቬል የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነው፣ በ1970ዎቹ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ «ምድር ክብ መሆኗን በምን አወቅሽ?» አለችኝ። «መጽሐፍ ላይ አለ» ብዬ ዝም አሰኘኋት፣ ጸጸተኝ።

መልስ፦ እህቴ ኤፒስቴሞሎጂ (ስለ ዕውቀት የሚጠይቀው የፍልስፍና ዘርፍ) ማለት እኮ የልጅሽ ጥያቄ ነው፣ «በምን አወቅሽ?»። መጽሐፍ ማመን ነውር የለውም፣ እኔም የተወለድኩበትን ቀን የማውቀው እናቴ ስለነገረችኝ ነው። ግን ማጣራት የሚቻለውን ነገር እንዴት እንደሚጣራ አሳያት። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ ስትጋረድ ደመና ያልከለለበት ሰው አይቷል፣ ጨረቃዋ ላይ የሚያልፈው የምድር ጥላ ነው፣ ጠርዙም በየግርዶሹ ክብ ነው፣ አርስቶትልም ይሄንኑ ነው ማስረጃ ያደረገው። ለሚቀጥለው ግርዶሽ አብራችሁ ውጡና እሷ ራሷ ትሳለው።

ጥያቄ፦ የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ቃል በቃል መያዝ አለ፣ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ግን የሰው ቅኔ ሸምድዶ ማለፍ የለም። ተማሪው ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል (ቅኔውን በሐሳቡ ያዘጋጃል ማለት ነው)፣ ከዛ የራሱን አዲስ ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፣ እሳቸውም ሰዋስው ሲሰበር ወይ ሰሙና ወርቁ አልገጥም ሲል እዛው ያርሙታል። እዛ «ገብቶኛል የኔታ» ብትል ማን ይሰማሃል፣ በል ንገር ነው የምትባለው።