ሕጉ ቢሻርም ርቀቱ አልተሻረም
በደቡብ አፍሪካ ሕግ ለምታጠኑ የወገኖቼ ልጆች፣

ከመካከላችሁ አንዷ፣ «ሰውን በቀለሙ ለይቶ የሚያሰፍረው ሕግ በ1991 ከተሻረ፣ ኬፕታውን እስከ ዛሬ ለምን ተከፋፍላ ትኖራለች?» ብላ ጠይቃኝ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችብኝ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያች ከተማ በአንድ የጥብቅና ቢሮ ተለማማጅ ሳለሁ፣ ከባለጉዳዮቻችን መካከል ከከተማዋ እምብርት አጠገብ ከነበረው ከዲስትሪክት ሲክስ ሰፈር የተፈናቀሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰፈሩ በየካቲት 1966 ለነጮች ብቻ ተብሎ ከታወጀ በኋላ ከ60,000 በላይ ነዋሪዎቹ ከከተማዋ መሐል ወደራቀው የኬፕ ፍላትስ አሸዋማ ሜዳ ተበትነው፣ ቤቶቻቸው በቡልዶዘር ሲፈርሱ ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ብቻ እዚህም እዚያም ቆመው ቀሩ። አዛውንቱ ቤታቸው የነበረበትን ሊያሳዩኝ ቢወስዱኝ መንገዱ ራሱ ጠፍቷልና፣ ከመስጊዱ አጥር ተነሥተው በእርምጃ እየለኩ ሄደው «ወጥ ቤታችን እዚህ ነው» ብለው ቆሙ። ከሣሩ መካከል የሰማያዊ ሳህን ስባሪ አንሥተው አገላበጡና መልሰው ጣሉት። በእጃቸው የነበረው ማስረጃ የቤት ኪራይ ደረሰኝ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በ1994ቱ የመሬት መብት ማስመለሻ ሕግ፣ ከሰኔ 19 ቀን 1913 ወዲህ በዘር ሕግ የተነጠቀ ሰው ባለቤት ባይሆንም ቢያንስ 10 ዓመት በቦታው ተጠቅሞ ከኖረ መጠየቅ ይችል ስለነበር፣ ያ የነተበ ወረቀት እንደ ካርታ የሚቆጠር ነበር።

ቤት ተሠርቶላቸው እስኪመለሱ መጠበቅ ወይም የገንዘብ ካሳ መውሰድ ይችሉ ነበር። ግንባታው ከዓመት ዓመት ሲጓተት ካሳውን መርጠው ፈረሙ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ አንድም አንቀጽ አልተጣሰም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ገንዘቡ የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ክፍያ ሸፈነ፤ እርሳቸው ግን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው ከኬፕ ፍላትስ መንገዱ ሩቅ ነውና ጎሕ ሳይቀድ ከቤት መውጣታቸው አልቀረም። ባለጉዳያችሁን «መሬቱን እንጂ ገንዘቡን አይቀበሉ» በሉ ልላችሁ ይዳዳኛል፤ በእርሳቸው ዕድሜ ብሆን ግን እኔም እፈርም ነበር።

እናንተ ፍርድ በስልክ ታነባላችሁ፣ ፈጣኖችም ናችሁ። ስለ መኖሪያ ቤት መብት የተሰጠውን የ2000ውን የግሩትቡም ውሳኔ ከነአንቀጹ በቃላችሁ ትወጡታላችሁ፤ ጉዳዩ በስሟ የሚጠራው ከሳሿ አይሪን ግሩትቡም በ2008 የራሷ ቤት ሳይኖራት መሞቷን ስነግራችሁ ግን ትደነግጣላችሁ። ወላጆቻችሁ በሎኬሽን፣ ማለት በጥቁሮች ሰፈር፣ ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍተው ያሳደጓችሁም፣ ያ ሱቅ ገበያ ያገኘው አፓርታይድ ሰዉን ከከተማው ገበያ አርቆ ስላሰፈረው እንደሆነ ልብ ያላችሁ አይመስለኝም። በሊምፖፖ ፖሊስ የስደተኞችን ሱቆች ሲዘጋ የሶማሌና የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ተከራክረው በ2014 በጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት መርታታቸውንም ከእናንተ ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ።

ከቤቱ እንዲወጣ ለተከሰሰ ሰው ስትቆሙ፣ እርሱ በሚሳፈርበት ሚኒባስ አብራችሁ ተሳፍራችሁ ወደ ሥራው ሂዱ። ሰውን ያለ አግባብ ከመኖሪያው ማስወጣትን የሚከለክለው የ1998ቱ ሕግ ዳኛው አግባብ ያላቸውን ሁኔታዎች ሁሉ እንዲመዝን ያስገድደዋልና፣ የጉዞውን ሰዓትና የታክሲውን ሒሳብ ከደመወዙ ጋር አነጻጽራችሁ በቃለ መሐላው ውስጥ አስገቡት።