መልስ፦ ቦታ ድህነትን ያሳያል ወይስ ይፈጥራል?

ጠያቂው «ድሃው ከከተማ ዳር የሚኖረው ድሃ ስለሆነ ነው እንጂ ቦታው ራሱ ምን ያደርገዋል?» ላሉት፣ ግማሹ እውነት ነው እላለሁ። ገቢ የመኖሪያ ቦታን እንደሚወስን አያከራክርም፤ ቦታው ግን በተራው ገቢን፣ ጤናንና የልጆችን ዕድል ይወስናል።

ደቡብ አፍሪካ በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መኖሪያን በዘር የሚከፋፍል ሕግ አወጣች፤ ከ1955 ጀምሮም ለጆሃንስበርግ መሃል ቅርብ ከነበረችው ሶፊያታውን ጥቁር ነዋሪዎች እየተነሡ ከከተማው ዳር ወዳለችው ሜዶውላንድስ ተወሰዱ። የ1994ቱ ምርጫ አፓርታይድን ሲያበቃ ርቀቱን አላሳጠረውም። ከዳር የሚነሣው ሠራተኛ ሳይነጋ ወጥቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ፣ ከደመወዙ ቆርሶ ለመጓጓዣ ሲከፍል፣ በቅርብ የሚኖረው ባልደረባው ገና ከእንቅልፉ አልተነሣም፤ በደመወዝ መክፈያው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው።

በአሜሪካ ደግሞ ካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ በቂ ሆነ። በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል የቤት ብድር ተቋም ባዘጋጃቸው ካርታዎች ላይ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው «አደገኛ» ተብለው በቀይ ተቀቡ። ብድር የተነፈገ ሰፈር ቤቱ አይታደስም፣ ዋጋውም አይጨምርም፤ ትምህርት ቤቶች በከፊል የሚተዳደሩት በአካባቢው የንብረት ግብር በመሆኑም ጉዳቱ ለልጆች ይተርፋል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ አሠራሩ አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ክፉ የሚያስብ ሰው ባይኖርም መሥራቱን ይቀጥላል።

በተቃራኒው፣ የኮሎምቢያዋ ሜደሊን በ2004 ተራራ ላይ የሰፈሩ ድሃ ሰፈሮችን በአየር ላይ በገመድ በሚንሸራተት መጓጓዣ ከከተማው ባቡር ጋር አገናኝታለች። የነዋሪው ገቢ በማግስቱ አልጨመረም፤ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ግን አጠረ።