ደመወዝ ሲቋረጥ፣ ጎተራ ሲጎድል፦ የቤት ወጪ ጥያቄና መልስ

ሰኔ 2012

ደሴ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ በመስኮቱ በኩል የሚቀርብልኝ ጥያቄ ከብድር ይልቅ ስለ ቤት ሆኗል፤ ምን እንሽጥ፣ ማንን እንጠይቅ፣ እስከ መቼ እንችላለን የሚል ነው። ከተማችሁንና ሥራችሁን ብቻ ጽፋችሁ ጠይቁኝ፤ ስም አያስፈልግም። የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ከደሴ፦ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ቤቱ ተዘግቷል። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ ግን ሰው ቀንሶ ነው የሚጭነው። ሁለት ልጆች አሉን። እጃችን ላይ ያለው 4,200 ብር ነው። ከየት እንጀምር?

አብሽሪ እህቴ። ከሁሉ በፊት በወር ማሰብ ተዪና በሳምንት አስቢ። ደመወዝ ያለው ቤት ወር ይቆጥራል፤ የዕለት ገቢ ያለው ቤት ወር ከቆጠረ ግን በሦስተኛው ሳምንት ብድር ፍለጋ ይወጣል። ባለቤትሽ ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ከቤንዚንና ከባለ ባጃጁ ሒሳብ በኋላ ስንት ይዞ እንደገባ ጻፉ። ጥሩውን ቀን ተዉትና መጥፎውን ቀን በሰባት አባዙት። የሳምንት ገቢያችሁ እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣው ሁሉ ትርፍ ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ።

ከ4,200ው ግማሹን ዛሬ ነገ ሳትዪ እህል አድርጊው። ክረምቱ እየገባ ነው፤ አዲሱ እህል እስከ ኅዳር ገበያ አይወጣም፣ እስከዚያ ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይልም። ሙሉውን ጤፍ አትግዢ። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ አድርገሽ አስፈጪው፤ ከቃሉና ከቆቦ የሚመጣውን ማሽላ ያደግንበት ነው፣ እንጀራውም በትኩሱ ሲበላ ምንም አይልም። ከረጢቱን መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ ከሥሩ እንጨት ደርድሪ፣ ከግድግዳው አራቂው። የደሴ ክረምት እርጥበቱ ከነቀዝ ያልተናነሰ እህል ያበላሻል። ዘይትና ስኳር በቀበሌሽ ሸማቾች ማኅበር ሲመጣ ተራሽን እንዳያልፍብሽ።

ቀሪው 2,100 ብር ለቤት ኪራይ፣ ለሳሙናና ለሕመም ይቀመጥ። የቅሬውን (የዕድሩን) መዋጮ አታቋርጪ፤ ትንሽ ናት፣ ስትቋረጥ ግን የምታሳጣው ብዙ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ፋብሪካ ውስጥ 4 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ደመወዜ 2,700 ብር ነው። «ሥራ የለም» ብለው ደብዳቤ ሊሰጡኝ ነው። መብቴ ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልህ እንዳትፈርም። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። በኮሮና ምክንያት በዚህ ዓመት (2012) የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው አሠራር ውጪ ሠራተኛ ማሰናበትን ይከለክላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሠራተኛ ማኅበራችሁ፣ ማኅበር ከሌለ ወደ ከተማው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂድ።

መሰናበቱ የማይቀር ከሆነ ደግሞ ባዶ እጅህን አትወጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። በአንተ ሲሰላ 2,700፣ ከዚያ 900 በሦስት ዓመት ሌላ 2,700፣ ድምሩ 5,400 ብር። የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ በላዩ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ሌላ 5,400 ማለት ነው። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የምትል ከሆነ በ3 ወር፣ ክፍያ የምትጠይቅ ከሆነ በ6 ወር ውስጥ ካላቀረብክ ጊዜው ያልፍብሃል።

ገንዘቡ እጅህ ሲገባ ለማንም ከማበደርህ በፊት የስድስት ወር ቀለብህን አስብ።

ከሐይቅ፦ ልጄ ቤሩት ናት። በየወሩ ትልክ ነበር፤ አሁን ሦስት ወር ሆነ ምንም የለም። የጀመርንላት ቤት ቆርቆሮው ገና አልተመታም። ጎረቤት በመቶ አሥር አበድርሻለሁ ይለኛል።

እናቴ፣ ይህን ብድር አይውሰዱ። በመቶ አሥር ማለት በየወሩ ነው። 5,000 ብር ቢወስዱ በየወሩ 500 ይከፍላሉ፤ ዓመት ሲሞላ 6,000 ብር ከፍለው 5,000ው እንዳለ ይቆይዎታል። አራጣ በሕግም በሃይማኖትም የተከለከለ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መያዣ ተብሎ የሚሰጠው የቤቱ ወረቀት ነው።

ስለ ልጅዎ ልንገርዎ። ሊባኖስ ውስጥ ዶላር ጠፍቷል፤ የአገሩ ገንዘብ ወርዶ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቁመዋል፣ በዚህ ወር እህቶቻችንን አምጥተው ቆንስላችን ደጅ ላይ የጣሉም አሉ። ልጅዎ ዝም ያለችው ረስታዎት አይደለም። ሲደውሉላት ገንዘብ ሳያነሱ ይጀምሩ። «እኛ ደኅና ነን፣ ለጊዜው አትላኪ፣ ያገኘሽውን ለራስሽ ያዢ» ይበሏት። አንዳንዷ ቤተሰብ እንዳይቸገር ብላ ብቻ የማይሆን ቤት ውስጥ ትቆያለች። ይህን ቃል ከእናቷ ስትሰማ መውጣት ካለባት ለመውጣት ትደፍራለች።

ቤቱ ይቆይ። ሲሚንቶ ካለ በክረምቱ እርጥበት ድንጋይ ሳይሆን ለሚሠራበት ሰው ይሽጡት። የግድግዳውን አናት በላስቲክ ያስሸፍኑት፤ ጭቃው ዝናብ ካልገባበት ለዓመት ይደርሳል። ለቀለቡ ደግሞ የቅሬውን ዳኛ ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ። ገመናዬ ይሸፈን ብለው ዝም እንዳሉ ይገባኛል፤ እኛ ወሎዬዎች በዚህ በኩል ጠንካሮች ነን። ነገር ግን በመስኮቴ የማየው ይህን ነው፦ ቶሎ የተናገረ ሰው አንድ ቁና እህል ተበድሮ ይወጣዋል፣ የደበቀው ግን ከአራጣ አበዳሪ ጋር ይገናኛል።

ከወልዲያ፦ 30 ሰው ያለበት የ500 ብር ሳምንታዊ እቁብ ውስጥ ነኝ። ስምንት ሰው መክፈል አቁሟል። እኔ ገና አልወጣልኝም። ይፍረስ የሚሉ አሉ።

አይፍረስ። ሲፈርስ የበላ ይቀራል፣ ያልበላ ይከስራል፤ አንተ ደግሞ ካልበሉት ነህ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለማይቻል ዳኛው፣ ጸሐፊውና ሁለት አባላት ሆነው ይነጋገሩበት። እኔ የማየው መንገድ መዋጮውን ዝቅ ማድረግ ነው፦ 500ው 200 ይሁን፣ ጊዜው ይርዘም። የወጣለት ሰው የቀረበት ዕዳ በወረቀት ይጻፍና ዋሱ ባለበት ይፈርምበት። ካልወጣላቸው መካከል በጣም የተቸገረው ዕጣ ሳይጠበቅ ይቅደም። ገንዘቡን በእጅ ከማዞር በጸሐፊውና በዳኛው የጋራ ሒሳብ ባንክ አስገቡት።

ካቆሙት ስምንቱ ጋር አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ምናልባት አምስቱ 200 መክፈል ይችላሉ፤ 500 መክፈል ስላቃታቸው ብቻ አፍረው ነው የጠፉት።

ከላሊበላ፦ አስጎብኚ ነኝ። ጎብኚ ከቆመ ሦስት ወር አለፈ። ለገና ይመለሳል ብዬ ብድር ብወስድስ?

አትውሰድ። ለመጪው ገና የውጭ ጎብኚ እንደማይመጣ አድርገህ አቅድ፤ ከመጣ እሰየው። ቤተሰብህ ላስታ ውስጥ መሬት ካለው ሐምሌ የጤፍ ዘር ነው፣ ሂድና አብረህ ዝራ። መሸጥ ካለብህ ከቤት ዕቃ ጀምር፤ ካሜራህንና ስልክህን ለመጨረሻ አቆይ፣ ጎብኚው ሲመለስ እንጀራህ እነሱ ናቸው።

ከደሴ፦ ወለድ ስለማልፈልግ ገንዘቤን ቤት ነው የማስቀምጠው። ልክ ነኝ?

ወለድ አለመፈለግህ መብትህ ነው፤ ቤት ማስቀመጡ ግን አደጋ ነው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በንግድ ባንክም በሌሎችም ባንኮች አለ፣ መታወቂያህን ይዘህ ሂድ። ባንክ የሚያስቀምጠውም ሰው ቢሆን በወለዱ አያተርፍም፦ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፣ የኑሮ ውድነቱ ደግሞ በዚህ በ2012 ዓ.ም. 20 በመቶ ገደማ ደርሷል። ባንክ የምንሄደው ከሌባና ከእሳት ለመጠበቅ ነው። ለሁለት ወር ከሚያስፈልግህ በላይ የሆነው እህል ወይም ሥራ ላይ ቢውል ይሻላል።

ከቆቦ፦ ዓምና አንበጣ ማሽላዬን በላው። አሁን ለቀለብ አንዱን በሬ ልሸጥ ነው።

አባቴ፣ በእርሻ ወቅት የእርሻ በሬ አይሽጡ። አንድ በሬ የቀረው ሰው ጥማድ ፍለጋ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የዘንድሮውም የከርሞውም ምርት አብሮ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰኔ ላይ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ፍየል ወይም በግ ካለዎት አንዷን አሁን፣ ወጠጤውን ግን ለዐረፋ ያቆዩት፤ ዘንድሮ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው፣ ገበያውም ያኔ ነው። ምንም ከሌለዎት ሳይረፍድ ቀበሌ ሄደው ለሴፍቲኔት ወይም ለዕርዳታ ይመዝገቡ። ማመልከት አያሳፍርም።

ከመርሳ፦ መምህር ነኝ፣ ደመወዜ አልቆመም። ዘመድ ሁሉ ወደኔ ነው። እምቢ ማለት አልችልም፤ ወሩ ሳያልቅ እኔም ተበዳሪ ሆኛለሁ።

ደመወዝ በወጣ ዕለት ለዘመድ የምትሰጠውን ለይ፤ ከአሥር አንድ እንኳ ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ለታላላቆቹ በግልጽ ንገራቸው፦ «በወር ይህን ያህል ነው ያለኝ፣ ለማን ይቅደም?» ብለህ ጠይቃቸው። አንተ ብቻህን ስትመርጥ የተቀየመ ዘመድ እነሱ ሲመርጡ አይቀየምም። በገንዘብ ፋንታ በእህል ስጥ። ለማንም የብድር ዋስ ግን አትሁን፤ ተበዳሪው ሲያቅተው የሚቆረጠው ከአንተ ደመወዝ ነው።

ከደሴ፦ አከራዬ ከሐምሌ ጀምሮ 300 ብር ጨምሪ አለችኝ።

በአስቸኳይ ጊዜው ኪራይ መጨመርም ተከራይን ማስወጣትም ክልክል ነው። ካልተራዘመ አዋጁ ጳጉሜ 2012 ላይ ያበቃል። ያልተከፈለ ኪራይ ግን ዕዳ ሆኖ ይቆያል፣ ስለዚህ የቻልሽውን ከፍለሽ ደረሰኝ ወይም ፊርማ ተቀበዪ። አከራይሽም በዚህ ኪራይ ብቻ የምትኖር መበለት ልትሆን ትችላለች፤ ቡና ላይ ተነጋገሩበት።

ከከሚሴ፦ ባሌ ስንት እንደሚያገኝ አይነግረኝም። እንዴት አድርጌ ነው የማቅደው?

ለአንድ ሳምንት ገቢውን አትጠይቂው። የልጅ ደብተር ውሰጂና ቤቱ ያወጣውን ሁሉ ጻፊ፦ ሽንኩርቱን በኪሎ፣ ከሰሉን፣ የወፍጮውን፣ የሳሙናውን፣ የልጁን መድኃኒት። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ሲተኙ አንብቢለት። ብዙ ወንድ የዘይትን ዋጋ የሚያውቀው በዓል ሲደርስ ነው። ድምሩን ሲያይ ወይ «ይህን ከየት አመጣሽ?» ይልሻል፣ ወይ ዝም ይላል። በሁለቱም ደብተሩን ስጪውና የሚቀጥለውን ሳምንት ገበያ እሱ ይሂድ።