ጠጥቶ ማሽከርከርና የደም ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ከጠረገችው ውጤቱ አይበላሽም?

ለዚህ ምርመራ ቆዳው አልኮል በሌለው ማጽጃ ነው የሚጠረገው። አዮዲን ያለው ይሆናል። በአልኮል ተጠርጎ በደንብ ከደረቀ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ለጠበቃ ክርክር በር ለምን ይከፈታል?

ጥያቄ (የኮምቦልቻ ሹፌር)፦ ትንፋሽ ከተለካ በኋላ ደም ለምን ያስፈልጋል?

ወንድሜ፣ የትንፋሽ መለኪያው ደምህን አያየውም። ደም ውስጥ ያለው አልኮል ትንፋሽ ውስጥ ካለው 2100 እጥፍ ነው ብሎ ያሰላል። ይህ አማካይ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። አፍ ውስጥ የቀረ አረቄም ያሳስተዋል። 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ደሙ ሳይመረመር ቢያድርስ?

ሰው ሁሉ ስለ ማሽኑ ይጠይቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቱቦው ነው! ብዙ ጊዜ ክዳኑ ግራጫ የሆነውን እንጠቀማለን። ውስጡ ፖታሲየም ኦክሳሌትና ሶዲየም ፍሎራይድ አለ። ኦክሳሌቱ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ፍሎራይዱ ጀርሞችን ይገታል። ያለ ፍሎራይድ ሙቀት ላይ በከረመ ደም ውስጥ እርሾ ካለ፣ ጋን ውስጥ እንዳለ ጠላ ስኳሩን ወደ አልኮል ሊለውጠው ይችላል። ክዳኑ ከላላ ደግሞ በተቃራኒው አልኮሉ ይተናል። ስለዚህ ፍሪጅ የግድ ነው፤ የኮምቦልቻ ሙቀት እንደ ደሴ ብርድ አይምርም። ስሙ፣ የተቀዳበት ሰዓትና ናሙናውን ማን ከማን እንደተረከበ ካልተጻፈ ደሙ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የሆስፒታሉ ውጤት ከፎረንሲኩ (ለፍርድ ከሚሠራው ምርመራ) ለምን በለጠ?

ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የሚለካው ሴረም ነው፤ ደም ረግቶ የሚለየው ፈሳሽ ማለት ነው። የደም ሴሎቹ ተለይተው ስለሚወጡ ውሃው ይበዛል፤ አልኮሉም ከሙሉ ደም ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ፎረንሲክ ሙሉ ደም በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም አልኮሉን ከሌላው ለይቶ በሚለካ ማሽን ይመረምራል። ወረቀቱ ላይ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ጥያቄ፦ ጫት ይታያል? ከጨብሲ በኋላ ቡና ብጠጣስ?

ጫቱ በአልኮል ምርመራ አይታይም። ግን ምርቃናውም ቡናውም ስካሩን ቢደብቁት እንጂ አይቀንሱትም። ጉበት የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ደም በሰዓት 15 ሚሊ ግራም ገደማ። እኩለ ሌሊት ላይ 120 የነበረ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገና 30 አካባቢ ነው። እሱ ግን «ተኝቼ ተነስቻለሁ» ብሎ ቁልፉን ያነሳል።

ጥያቄ፦ ደሙ ዘግይቶ ቢወሰድ ለሹፌሩ አይጠቅመውም?

ሁልጊዜ አይደለም። አልኮል ከፍታው ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከተጠጣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ውስጥ ነው፤ ምግብ ካለ ይዘገያል። መጨረሻ የጠጣው ሊነዳ ሲል ከሆነ፣ ቆይቶ የተወሰደው ደም ሲነዳ ከነበረው የበለጠ ሊያሳይ ይችላል።