ዘፈኔን ለማስደመጥ ልክፈል ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ዘፈኖችሽን ቀርፀሽ ጨርሰሻል፣ አንድ ኢንዱስትሪው ውስጥ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ከከፈልሽኝ ሰምቼ ፊድባክ እሰጥሻለሁ፣ ከወደድኩት ለማውቃቸው ሌብሎች (ዘፋኝ አስፈርመው ስራውን ለሚያሳትሙ ድርጅቶች) አሳልፍልሻለሁ ብሎሻል፣ አንቺም ይሄ ያዋጣኛል ወይስ እየተበላሁ ነው ነው ጥያቄሽ።

ለአስተያየት መክፈል በራሱ ነውር የለውም። ልምድ ያለው ፕሮዲውሰር ቁጭ ብሎ ስራሽን ቢሰማልሽ ጊዜው ነው፣ ይከፈለው። እኔን ያልተመቸኝ "አሳልፍልሻለሁ" የምትለዋ ናት። ምክንያቱም ሌብል ውስጥ አዲስ ዘፋኝ የሚፈልግ ሰው ለዛው ስራ ደሞዝ ይበላል፣ ካንቺም ከተቀበለ ለማን ነው የሚሰራው? ደግሞ አስቢው፣ የሰውዬው ገቢ በብዛት የሚመጣው ዘፈናቸው ለሌብል ካለፈላቸው ሳይሆን ካላለፈላቸው ነው፣ ስለዚህ "ትንሽ ነው የቀረሽ፣ አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪ" ማለት ሁሌም ያዋጣዋል፣ ክፋት ባይኖርበት እንኳን አሰራሩ ራሱ ወደዛ ይገፋዋል።

ህግም ይሄን ልዩነት ያውቀዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአርቲስት ስራ አገኝልሻለሁ ብሎ ቅድሚያ ብር መቀበል ክልክል ነው፣ ሙዚቀኛም ይጨምራል። ስልጠናና ምክር መሸጥ ግን ይቻላል፣ ውሉ በፅሁፍ ሆኖ በ10 የስራ ቀን ውስጥ ሰርዘሽ ብርሽን ማስመለስ እስከቻልሽ ድረስ። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይም ብትዪ ከፍሎ ፕሌይሊስት (የተመረጡ ዘፈኖች ዝርዝር) ውስጥ መግባትን በደንቡ ከልክሏል፣ በቦት፣ ማለትም በሰው ሳይሆን በፕሮግራም፣ የተነፋ የማዳመጥ ቁጥር (ስትሪም) ከተገኘ ደግሞ ዘፈኑ ሊነሳብሽ ይችላል፣ ስለዚህ "ፕሌይሊስት ጋራንቲ" የሚልሽን ዝም ብለሽ እለፊው።

እንደ ግሩቨር ያሉት፣ ከፍለሽ ዘፈንሽን ለሙያው ሰዎች የምትልኪባቸው ድረገፆች፣ ትንሽ ይሻላሉ፣ እዛ የላክሽለት ሰው በ7 ቀን ውስጥ ካልመለሰልሽ የከፈልሽበት ክሬዲት (የድረገፁ መክፈያ ነጥብ) ይመለስልሻል፣ የገዛሽው መልስ መሆኑም ግልፅ ነው። ግን እዛም ቢሆን ብዙ ዘፈን ባንዴ የሚሰማ ሰው ለያንዳንዱ የሚያስበው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ይሄን አውቀሽ ግቢ።

አሁን ዋናው ነገር ፊድባኩ ራሱ ነው። "ድምፅሽ ያምራል፣ ፕሮዳክሽኑ ትንሽ ይሰራበት" የሚል መልስ ለየትኛውም ዘፈን ይላካል፣ ሳይሰሙትም ይፃፋል። "ሁለተኛው አዝማች ሲገባ ቤዙ ድምፅሽን ዋጠው፣ መግቢያው ረዝሟል፣ ግማሹን ቁረጪው" ካለሽ ግን ሰምቶታል፣ ባትስማሚበት እንኳን ስቱዲዮ ገብተሽ የምትሞክሪው ነገር ሰጥቶሻል። ለሌላ ሰው ዘፈን የሰጠውን አስተያየት፣ ስሙን አጥፍቶ፣ አንድ ናሙና ያሳይሽ። እምቢ ካለ እኔ አልከፍልም ነበር።

ሌላው ደግሞ ብር ከመላክሽ በፊት እንዲህ ብለሽ ፃፊለት፦ ለሌብል ማሳለፉን ተወው፣ አስተያየቱን ብቻ ብገዛ ዋጋው ስንት ነው? የሰራኸው የትኛው ዘፈን ላይ ነው፣ የሰሩት ሰዎች ስም ዝርዝር (ክሬዲቱ) ላይ ስምህን ላገኘው እችላለሁ? ሃቀኛ ሰው በዚህ አይቀየምም። ቶሎ ክፈዪ፣ ቦታ እያለቀ ነው እያለ ካጣደፈሽ ግን ተይው። የኮንትራት ፎርም ከላከልሽ ደግሞ እንዳትፈርሚ፣ በተለይ የዘፈኑን መብት የሚነካ መስመር ካለው፣ መጀመሪያ ለኔ ላኪልኝና አብረን እናንብበው።